ዶበርማን ለማሳደግ ለሚያስቡ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ዶበርማን የሚባለውን ውሻ ለማሳደግ ለሚያስቡ ወገኖች ጥቂት አሳብ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

ይህን ዘር በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በጀርመን አገር፣ በአፖልዳ ከተማ ያዳቀለው ሉዊ ዶበርማን የተባለ ግብር ሰብሳቢ ነው፤ ዓላማውም ከጎኑ የማይለይ ጠባቂ ለማግኘት ነበር። ስለዚህ ውሻው ከሰው ጋር መዋልን ይሻል። እኛ ግን ጧት ቢሮ ገብተን ማታ እንመለሳለን። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ ሌሊት ብቻ የሚለቀቅ ውሻ ጠባዩ ይከፋል፤ ሌባውን ከጎረቤት ልጅ አይለይም። ወንዱ 40 ኪሎ ያህል ይመዝናልና ንክሻው ቀላል አይደለም። ጠጉሩም አጭር ስለ ሆነ የአዲስ አበባን የሌሊት ብርድ አይችልም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ፣ ምግቡና ሐኪሙ ከወር ደመወዝ ላይ የሚነሡ ናቸው።

ይህን ሁሉ ለማሟላት ጊዜና ገንዘብ የሌለው ሰው አጥሩን ቢያጠብቅ ይሻለዋል።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር