ከበረኪናው በፊት ፀሐይ

በመርሳም ሆነ በወልድያ ወደ አንድ ሱቅ ጎራ ያለ ሰው፣ ከስኳሩና ከዘይቱ ጎን በረኪናው፣ ዱቄት ሳሙናው፣ ላርጎውና የተባይ ማጥፊያው ተደርድረው ያገኛል። ቀደም ሲል በሳሙና፣ በአመድና በእንዶድ ይከናወን የነበረው የቤት ጽዳት ዛሬ አምስትና ስድስት ዓይነት ኬሚካል የሚጠይቅ መስሏል። የኮሮና ወረርሽኝ በ2012 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ደግሞ የበረኪና ሽታ ራሱ የንጽሕና ምልክት ተደርጎ የሚቆጠርበት ቤት ጥቂት አይደለም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት አስተያየቶች ሲሰነዘሩ እንሰማለን። አንደኛው ኬሚካሉ በበዛ ቁጥር ንጽሕናው ይጨምራል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ተፈጥሯዊ የሆነ ሁሉ ጉዳት የለውምና ወደ አያቶቻችን ማጽጃ እንመለስ ይላል። በእኛ እምነት ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ አልነኩትም። ጥያቄው ማጽጃው ከፋብሪካ መጣ ወይስ ከቁጥቋጦ የሚለው አይደለም። ኬሚካሉ የሚሠራልንን ሥራ ሌላ ምን ሊሠራልን ይችላል? ያንንስ ሥራ በቤት ውስጥ ማን ይሠራዋል? ልንጠይቅ የሚገባን ይህንን ነው።

ማጽዳት ምን ማለት ነው?

በፊዚክስ ዓይን ሲታይ፣ ማጽዳት ቆሻሻን ከልብስ ወይም ከዕቃ ጋር ያጣበቁትን ኃይሎች ማሸነፍ ነው። ውኃ ብቻውን ይህን ለማድረግ ይቸገራል። ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው ስለሚሳሳቡ የላይኛው ገጹ እንደ ተወጠረ ቆዳ ይሆናል፤ የዚህ ውጥረት መጠን በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሜትር 0.072 ኒውተን ያህል ነው። ሳሙና ሲጨመርበት መጠኑ ከግማሽ በታች ይወርድና ውኃው በጨርቁ ክሮች መካከል ዘልቆ ይገባል። የሳሙና ሞለኪውል አንዱ ጫፍ ከውኃ፣ ሌላው ጫፍ ከቅባት ጋር ስለሚስማማ ቅባቱን ከብቦ ያላቅቀዋል።

ይሁንና ሥራውን የሚሠራው ኬሚካሉ ብቻ አይደለም። ኸርበርት ዚነር የተባለ ጀርመናዊ የማጽጃ ባለሙያ በ1959 እ.ኤ.አ. ገደማ እንዳስቀመጠው፣ እጥበት በአራት ነገሮች ይወሰናል፤ እነርሱም ኬሚካል፣ ሙቀት፣ ፍትጊያና ጊዜ ናቸው። አንዱን ስንቀንስ ከቀሩት አንዱን ወይም ሁለቱን መጨመር ግድ ይላል። ስለዚህ ኬሚካልን ለመቀነስ የሚሻ ሰው በእርሱ ፈንታ ምን እንደሚጨምር አስቀድሞ መወሰን አለበት።

እንዶድ የሚያስተምረን

ተፈጥሯዊ ማጽጃዎቻችን ኬሚካል አይደሉም ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። የእንዶድ ፍሬ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው ሲሆን፣ እርሱም እንደ ሳሙና የውኃን የገጽ ውጥረት ይቀንሳል። በአመድ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ካርቦኔት ቅባትን የሚያሟሟ አልካላይ ነው፤ ሸክላን ሲያጸዳ፣ የአልሙኒየም ድስትን ግን ይጎዳል። ሎሚና አቼቶ አሲድ ናቸው። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የተጋገረውን ነጭ የካልስየም ካርቦኔት ቅርፊት ያሟሟሉ፤ ቅባትን ግን አያስለቅቁም።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መገኘታቸውን አስተዋሉ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያ አስተላላፊዎች ነበሩና፣ ከዚህ አንድ ምልከታ የብዙ ዓመታት ምርምር ተወለደ። እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ዛሬ በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል።

ይህ የምንኮራበት ታሪክ አንድ ማስጠንቀቂያም ይዟል። ቀንድ አውጣን የሚገድል እጣቢ ዓሣንም ይገድላል። እንዶድ ዓይንን ክፉኛ ይቆጠቁጣል፤ ቢዋጥ ይመርዛል። ስለዚህ በእንዶድም ሆነ በዱቄት ሳሙና የታጠበበትን ውኃ፣ ጊራናን በመሰሉ የመስኖ አካባቢዎች ወደ ወንዝ ወይም ወደ ቦይ መድፋት አይገባም። ራቅ ባለ ደረቅ መሬት ላይ ቢፈስ አፈሩ ያጣራዋል።

ሊዘነጉ የማይገባቸው አደጋዎች

በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አሲዱ ከሱቅ የተገዛ የሽንት ቤት ማጽጃም ይሁን የጓሮ ሎሚ ለውጥ የለውም። ሽንት ባለበት ጠባብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ በረኪና በብዛት ሲደፋም ሳንባን የሚያቃጥል ክሎራሚን ይፈጠራል። ሁለት ማጽጃ ሲቀላቀል ኃይሉ እጥፍ ይሆናል የሚለው ልማድ ከኬሚስትሪ ትምህርታችን ጋር ፈጽሞ የሚጋጭ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ጠርሙሱ ነው። በረኪና በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ ያለ ምንም ጽሑፍ፣ ከመጠጥ ውኃ አጠገብ ሲቀመጥ እናያለን። የተጠማ ሕፃን ጠርሙሱን እንጂ ውስጡን አይለይም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በተመረዙ አዋቂዎች ላይ ተጠንቶ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጽሑፍ ከመመረዝ መንሥኤዎች ቀዳሚው የቤት ማጽጃ መሆኑን አሳይቷል። ለእርሻ የተገዛ ፀረ ተባይ በአልጋ ላይ ሲረጭም አደጋው ከዚህ አያንስም።

በረኪና የሚያስፈልግበት ቦታ

ከዚህ ተነሥቶ በረኪናን ከነአካቴው እናውግዝ የሚል ካለ አንስማማም። ማጽዳትና ተሕዋስያንን መግደል የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በአተት ወይም በኮሌራ የታመመ ሰው ያስመለሰበትን ወለል ሎሚ አያድነውም። በዚያ ጊዜ በረኪና የሕይወት ጉዳይ ነው። ጥንካሬው 5 ከመቶ የሆነ በረኪና አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ሲቀላቀል 0.5 ከመቶ የሆነ ውሕድ ይሰጣል፤ ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚመከረውም መጠን ይኸው ነው። በረኪና ኃይሉን በቆሻሻው ላይ ስለሚያባክን አስቀድሞ ቆሻሻውን ማንሣት ያስፈልጋል። ብርሃንና ሙቀትም ያደክሙታልና እንደ መርሳ ባለ ሞቃት አገር በጥላ ስር መቀመጥ አለበት። ጤነኛ ሰው የሚኖርበትን ቤት ወለል በየቀኑ በበረኪና ማጠብ ግን ትርፉ ወጪና ሳል ነው።

ያልተጠቀምንበት ኃይል

ከአራቱ ነገሮች መካከል ሁለቱ፣ ሙቀትና ጊዜ፣ በመርሳ በነጻ ይገኛሉ። ቀላል ስሌት እንሥራ። 20 ሊትር ውኃን በ20 ዲግሪ ለማሞቅ 1,680 ኪሎ ጁል ያህል ያስፈልጋል። በጠራ ሰማይ የቀትር ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ያህል ታሳርፋለች። በአግድሙ የተጋደመ ጥቁር ጀሪካን 0.15 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ቢኖረው 150 ዋት ይቀበላል፤ ይህም በሦስት ሰዓት ገደማ ውኃውን ያሞቃል ማለት ነው። ወደ አየር የሚያመልጠው ሙቀት ስለሚያዘገየው ጀሪካኑን ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ማስጣት ይበቃል። የብዙ ኬሚካላዊ ለውጦች ፍጥነት ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ወደ እጥፍ ስለሚጠጋ፣ በዚህ ውኃ ሌሊቱን የተዘፈዘፈ ልብስ ጥቂት ሳሙና ይበቃዋል።

ነጭ ልብስን እርጥብ እንዳለ ፀሐይ ላይ ማስጣት አልትራቫዮሌት ጨረሩ እንዲያነጣው ያደርጋል። ትኋን ያለበት ብርድ ልብስና አንሶላ በጥቁር ፕላስቲክ ታስሮ ለፀሐይ ቢሰጥና ሙቀቱ እስከ ውስጥ ድረስ ለጥቂት ሰዓት ከ50 ዲግሪ በላይ ቢቆይ ተባዩ ከነእንቁላሉ ያልቃል። ወፍራም ፍራሽ ግን ውስጡ ድረስ ስለማይሞቅ በዚህ መንገድ አይድንም።

ሥራው የማን ነው?

አራተኛው ነገር ፍትጊያ ነው። ፍትጊያ የሰው ጉልበት ነው፤ በቤታችን ደግሞ ይህ ጉልበት የእናትና የሴት ልጅ ሆኖ ኖሯል። እንዶዱን ለቅማ፣ ወቅጣ፣ ጋኑን በግራዋ ፈትጋ፣ በጥንጁት ወይም በወይራ አጥና የምታዘጋጀው እርሷ ናት። ጭሱንም የምትስበው እርሷ ናት። ሳሙናውና ላርጎው ቤታችን የገቡት በማስታወቂያ ብዛት ብቻ አይደለም። የሴቶችን ድካም በእርግጥ ስላቃለሉም ጭምር ነው። «ወደ ተፈጥሮ እንመለስ» የሚለው ጥሪ የተማሪዋን የጥናት ሰዓት ወደ ማጠቢያ ሳፋ የሚመልስ ከሆነ፣ ይህ ዕዳን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ማሻገር ነው፤ እኛም አንቀበለውም።

በመሆኑም የምናቀርበው ሐሳብ ቅደም ተከተል ያለው ነው። በመጀመሪያ ፀሐይና ጊዜ ይሥሩ። ቀጥሎ ወንዱም ሴቱም እኩል ይፈትግ። ከዚያ በኋላ ተራ ሳሙና ይግባ። በረኪናው በራሱ ዕቃ ውስጥ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ሕፃን ከማይደርስበት ስፍራ ለክፉ ቀን ይቀመጥ።

ውድ ተማሪዎች፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቀላል የቤት ሥራ እንስጣችሁ። ቴርሞሜትርና ጥቁር ጀሪካን ፈልጋችሁ የውኃውን ሙቀት በየሰዓቱ መዝግቡ፤ የእኛንም ስሌት ፈትኑት። የሞቀውን ውኃ ግን ለእኅታችሁ ትታችሁ አትሂዱ፤ ልብሳችሁን ራሳችሁ እጠቡበት።