ስለ ፒያኖ ትምህርትና ስለ ቅርብ ዓላማ

ልጁን ፒያኖ ያስተምር ዘንድ የሚወድ አባት ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው መጨረሻውን ነው። ልጁ በጉባኤ ፊት ተቀምጦ ሲጫወት፥ ሰውም ሁሉ ሲያደንቀው በሐሳቡ ያያል። ልጁ ግን ይህን አያይም፤ እርሱ የሚያየው 88 ነጭና ጥቁር ቁልፎችን፥ አልታዘዝም ያሉ ዐሥር ጣቶቹን፥ በደጅም የሚሯሯጡ ባልንጀሮቹን ነው። አባት ከተራራው ራስ ላይ ሆኖ ይጣራል፤ ልጅ ከግርጌው ቆሞ መውጫው ይጠፋበታል። ጥቂት ወር ተምሮ በተወ ጊዜም ሰነፍ ይባላል። መንገዱን ሳያሳይ የተጣራውን ግን የሚወቅስ የለም።

የቄስ ትምህርት ቤት ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ሕፃኑ ሀሁ ለማለት በተቀመጠበት ቀን የቅኔንና የድጓን ርቀት የሚነግረው የለም። ፊደል ይለያል፥ አቡጊዳ ይላል፥ ወደ ንባብ ይሻገራል፥ ኋላም ዳዊት ይደግማል፤ ዳዊት በደገመም ጊዜ ወላጆቹ ደስ ብሏቸው ይደግሳሉ። ከዚያ ወዲያ ባይቀጥል እንኳ ዳዊቱ ከእርሱ ጋር ይኖራል። እያንዳንዱ ደረጃ ለሚቀጥለው መወጣጫ ብቻ ሳይሆን በራሱም የሚበቃ ነገር ነውና።

በዜማ ትምህርትም እንዲሁ ያደረገ አንድ አባት ነበረ። የጀርመን አገር ሰው ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1720 ዓመት በጥር ወር፥ በኬተን ከተማ ሳለ፥ ዘጠኝ ዓመት ለሆነው ለበኵር ወንድ ልጁ ለዊልሄልም ፍሪደማን አንድ ትንሽ መጽሐፍ ጀመረለት። ፒያኖ በዚያ ዘመን ገና አልተስፋፋም ነበርና፥ ልጆች የሚማሩት ክላቪኮርድና ሃርፕሲኮርድ በሚባሉ፥ እንደ ፒያኖ ቁልፋቸው በጣት በሚነካ የዜማ ዕቃዎች ነበረ። በመጽሐፉ መጀመሪያ የዜማ ምልክቶች ስም አለ፤ ቀጥሎም የዜማ ጌጦች፤ ከዚያም ለየድምፁ የትኛው ጣት እንደሚገባ በቍጥር የተጻፈበት አጭር ዜማ። ከዚያ ወዲያ ዜማው እየከበደ ይሄዳል፤ ዛሬ ታላላቅ ተጫዋቾች በጉባኤ የሚጫወቱት እንኳ ከዚያው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል።

በ1802 ዓመት የባኽን ታሪክ የጻፈው ፎርክል እንደሚተርከው፥ ባኽ ተማሪዎቹን ብዙ ወር የጣት ልምምድ ብቻ ያሠራቸው ነበረ። ነገር ግን ትዕግሥታቸው ሲያልቅ ባየ ጊዜ፥ ያንኑ ልምምድ በውስጡ የያዘ ትንሽ ዜማ ይጽፍላቸው ነበረ። አዲስ ዜማም ሲሰጣቸው አስቀድሞ እርሱ ራሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጫወትላቸው ነበረ ይላል። ይህ ሁለተኛው ነገር ከፊተኛው ይልቅ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ልጅ በጆሮው ሰምቶ ያልወደደውን ዜማ እንዴት አድርጎ በጣቱ ይመኘዋል?

ብዙ ወላጆች ግን ዓላማ አበጀን እያሉ የሚያበጁት ሰዓት ነው። ግማሽ ሰዓት ተቀመጥ ይሉታል፤ ልጁም ተቀምጦ ሰዓቱን ይመለከታል። ሌሎች ደግሞ ገንዘብና ጣፋጭ ይሰጣሉ፤ ጣፋጩ ባለቀ ቀን ፒያኖው ይዘጋል። ከዚህ ይልቅ፥ ዛሬ የመጀመሪያውን መሥመር በግራ እጅህ ብቻ፥ በዝግታ፥ ሳትሳሳት ተጫወት፤ እስከ ቅዳሜም ሁለቱን እጆች አጋጥመህ ለአያትህ ታሰማቸዋለህ ቢሉት፥ ልጁ መድረሱንና አለመድረሱን ራሱ ያውቃል። ይልቁንም ከሁለትና ከሦስት ዜማ የወደደውን ራሱ እንዲመርጥ ቢፈቀድለት፥ ዓላማው የአባቱ መሆኑ ቀርቶ የእርሱ ይሆናል።

ትንሽ ዓላማ ልብን ያሳንሳል የሚሉ አሉ። እነዚህ የሮበርት ሹማንን ነገር ቢሰሙ መልካም ነበረ። ሹማን በጕልማሳነቱ ፈጥኖ ታላቅ የፒያኖ ተጫዋች ለመሆን ቸኵሎ፥ ጣቶቹን ለማበርታት በመሣሪያ እስከ መጠቀም ደረሰ፤ የቀኝ እጁ ጣት ግን ታመመበት፥ በ1832 ዓመት ገደማም ያን ተስፋውን ተወ። ይኸው ሰው በ1848 ዓመት፥ የበኵር ልጁ ማሪ ሰባት ዓመት በሞላት ጊዜ፥ አጫጭር ዜማዎች ጻፈላት። እነዚህም ተጨምሮባቸው 43 ሆነው ለልጆች መማሪያ ታተሙ። ፊተኞቹ ለጀማሪ ጣት የሚቀልሉ ናቸው፤ ኋለኞቹ ግን ላደገ ተማሪ ነው። ማሪ ጣቷን በመሣሪያ ማሰር አላስፈለጋትም።

ለፍሪደማን የተጻፈው መጽሐፍ ዛሬ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ገጾቹን የሚገልጥ ሰው የአባቱን ጽሕፈት ብቻ አያይም፤ በአንዳንዱ ገጽ ልጁም በገዛ እጁ ጽፎበታል።