ከበሮ በሰው እጅ ያምር

ታላቅ እህቴ ሰላምታ ካሳጠረች ጉዳይ አላት ማለት ነው። ባለፈው ወር ደውላ «ደህና ነሽ?» ካለችኝ በኋላ መልሴን እንኳን አልጠበቀችም። «ስሚኝማ፣ ወንድማችን ለገና ሊመጣ ነው። ለልጁ ምን ላምጣለት እያለኝ ነው። ልጁ ደግሞ ያ አዲሱ ጌም ካልሆነ ሌላ ምንም አልፈልግም ብሏል። አንቺ የማርኬቲንግ ሰው ነሽ፤ ይገዛ ወይስ ይቅር?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ «ይገዛ» ልል ትንሽ ነበር የቀረኝ። የዕቃውን ማስታወቂያ አይቼዋለሁ፤ አይቼም ቀንቻለሁ። በሙያው ላለ ሰው፣ ሌላው አሳምሮ የሠራውን ማስታወቂያ እንደማየት የሚያስቀና ነገር የለም። ግን ወንድሜ ሜሪላንድ ውስጥ የሚሠራው ሌሊት ነው። እኔና እህቴ በስልክ፣ በአንዲት ቃል የምንወስነው ገንዘብ ለእሱ ስንት ሌሊት እንደሆነ ሳስብ አፌን ያዝኩና «ቅዳሜ መጥቼ እንነጋገር» አልኳት።

እስከ ቅዳሜ ድረስ ከአእምሮዬ ያልወጣው ሌላ የጌም ማጫወቻ ነበር። እኛ ሀገር ብዙ ሰው ስሙን አያውቀውም፤ ለእኛ ለማርኬቲንግ ሰዎች ግን ትልቅ መማሪያ ነው። ዊ ዩ ይባላል። ታሪኩን ላውጋችሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አዲስ ነው ወይስ የድሮው?

የጃፓኑ ኒንቴንዶ በ2006 ዊ የተባለ ማጫወቻ አወጣ። ጉልበቱ ከተፎካካሪዎቹ ከፕሌይስቴሽን 3 እና ከኤክስቦክስ 360 ያነሰ ነበር፤ ምስሉም የእነሱን ያህል አይጠራም። ነገር ግን መቆጣጠሪያውን እንደ ቴኒስ ራኬት ማወዛወዝ ብቻ ይበቃ ስለነበር፣ በሕይወታቸው ጌም ነክተው የማያውቁ አያቶች ሳይቀሩ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሳሎን ውስጥ ቆመው ተጫወቱበት። ከ101 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

እንዲህ ያለ ዕቃ ተተኪው ሲመጣ ዓለም በጉጉት ቢጠብቅ አይገርምም። ተተኪው በሰኔ 2011 ሎስ አንጀለስ ላይ ይፋ ሆነ፤ ስሙም ዊ ዩ ተባለ። ልዩ የሚያደርገው መሐሉ ላይ 6.2 ኢንች ስክሪን የተገጠመለት መቆጣጠሪያው ነበር። ኩባንያው በመድረኩ ላይ ይህንኑ መቆጣጠሪያ አብዝቶ አሳየ፤ ዋናውን ሣጥን ግን ብዙም አላሳየም። ስለዚህ ብዙ ሰው «ለድሮው ዊ ተጨማሪ ዕቃ ወጣለት» ብሎ ተረዳው። ስሙም አላገዘም፤ በድሮው ስም ላይ የተጨመረችው አንዲት ፊደል ብቻ ናት። ለልጇ ዕቃ ልትገዛ ሱቅ የገባች እናት «ዊማ ቤታችን አለ» ብላ ብትወጣ ማን ይፈርድባታል?

ዊ ዩ በኅዳር 2012 አሜሪካ ውስጥ በ300 እና በ350 ዶላር ለገበያ ቀረበ። የገዙት ሰዎች ገና ከሣጥኑ ሲያወጡት ትልቅ የሶፍትዌር ማሻሻያ በኢንተርኔት እንዲያወርዱ ተገደዱ። ያ የተወራለት ባለ ስክሪን መቆጣጠሪያ ደግሞ አንዴ ቻርጅ ተደርጎ የሚሠራው ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ነው። ከአንድ ማጫወቻ ጋር የሚመጣውም አንድ ብቻ ነበር። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። የድሮው ዊ የተወደደው ቤተሰቡን በሙሉ ከሶፋ ላይ ስላስነሳ ነበር፤ አዲሱ ግን ልዩ ነገሩን ለአንድ ሰው ብቻ ሰጠ።

ተፎካካሪዎቹ ሲመጡ

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2013፣ ፕሌይስቴሽን 4 በ399 ዶላር፣ ኤክስቦክስ ዋን ደግሞ በ499 ዶላር ወጡ። ልዩነቱ ለማንም ግልጽ ነበር። ዊ ዩ የነበረው ሚሞሪ 2 ጊጋባይት ሲሆን የሁለቱ ግን 8 ጊጋባይት ነው። ጌም ሠሪ ኩባንያዎች ለሁለቱ ያዘጋጁትን ለዊ ዩ ለማመቻቸት ብዙ መቀነስ ነበረባቸው። የሸማቹም ቁጥር ትንሽ ስለነበር ብዙዎቹ ነገሩን ተዉት።

ለእኛ ሀገር ልጆች ከዚህ ሁሉ ይልቅ አንድ ምሳሌ ይበቃል። ፊፋ 13 ለዊ ዩ ተሠርቶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ፊፋ 14 ሲወጣ፣ በ2000 ለተወለደው ለፕሌይስቴሽን 2 ሳይቀር ተሠራለት፤ ለድሮው ዊም ተሠራለት። ለአዲሱ ዊ ዩ ግን አልተሠራለትም። ሦስት መቶ ምናምን ዶላር አውጥቶ አዲሱን የገዛ ልጅ፣ አሮጌውን የያዘው ጎረቤቱ የሚጫወተውን ኳስ ማየት ብቻ ሆነ ዕጣው። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ማለት ይሄ ነው።

ተፎካካሪዎቹም ቢሆኑ ሁሉም አልተሳካላቸውም። ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋንን ሲያስተዋውቅ ማጫወቻው ቢያንስ በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ማግኘት አለበት፣ የተጫወቱበትን ሲዲም እንደልብ ለሰው ማስተላለፍ አይቻልም የሚል ዕቅድ ነበረው። ሶኒ በሰኔ 2013 መድረክ ላይ ወጥቶ «የእኛን ሲዲ ለጓደኛችሁ ማዋስ ትችላላችሁ፣ ዋጋችንም በመቶ ዶላር ይቀንሳል» የሚል መልእክት ሲያስተላልፍ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ማይክሮሶፍት ዕቅዱን በቀናት ውስጥ ሰረዘ፤ ሆኖም የመጀመሪያው ወሬ ከሰው ልብ ቶሎ አልወጣም። ፕሌይስቴሽን 4 በመጨረሻ ከ117 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ያሸነፈው ብዙ ተስፋ የሰጠው አልነበረም፤ ሰዎች በእርግጥ እንዴት እንደሚጫወቱ ያወቀው ነው። ሰው ደግሞ የሚጫወተው ከጓደኛው ሲዲ እየተዋሰ ነው።

ኒንቴንዶ እስከ መጋቢት 2014 በነበረው የበጀት ዓመት 9 ሚሊዮን ዊ ዩ እሸጣለሁ ብሎ ነበር። ጥር ላይ ግን ግምቱን ወደ 2.8 ሚሊዮን አወረደ። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሳቶሩ ኢዋታ ለአምስት ወር የራሳቸውን ደመወዝ በግማሽ ቀነሱ። በ2017 መጀመሪያ ምርቱ ሲቆም በጠቅላላው የተሸጠው 13.56 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበር።

ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ልጨምር። ዊ ዩ መጥፎ ጌም አልነበረውም። ማሪዮ ካርት 8 የተባለው የመኪና ውድድር እዚያ ላይ ወደ ስምንት ሚሊዮን ተኩል ተሸጠ። ያው ጌም ጥቂት ተጨምሮበት ስዊች ለተባለው ቀጣይ ማጫወቻ ሲወጣ ግን ከ60 ሚሊዮን አለፈ። ስዊች ምን እንደሆነ ለማስረዳት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ቤት ውስጥ በቴሌቪዥን፣ ስትወጣ በእጅህ። ዊ ዩን ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት የቻለ ሰው አላጋጠመኝም።

የእኔም እጅ አለበት

ይህን ታሪክ የምወደው ሌላውን ለመተቸት ስለሚመች አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ መሥሪያ ቤት ሳለሁ አንድ የተሻሻለ ምርት ለገበያ አቀረብን። ስሙን ያወጣነው እኛው ነን፤ የድሮው ስም ላይ አንድ ቃል ቀጠልንበት። ስብሰባ ላይ ስንነጋገርበት ልዩነቱ ፀሐይ የሞቀው መስሎን ነበር። ለካ ያንን ልዩነት የምናውቀው ስብሰባው ውስጥ የነበርነው ሰዎች ብቻ ነን። ባለሱቆቹ «ይሄ የድሮው አይደለም እንዴ? ለምን ተወደደ?» ሲሉ ከረሙ። እኔም በሪፖርቴ ላይ «የደንበኞች የግንዛቤ እጥረት» ብዬ ጻፍኩ። የማንኛችንም ደመወዝ አልተቀነሰም። ኮሚሽናቸው የቀረባቸው በፀሐይ ሲዞሩ የዋሉት ሽያጮች ናቸው። የኢዋታን ነገር ሳስብ እስካሁን ያቺ ሪፖርት ታሳፍረኛለች።

ስለዚህ እህቴ «አንቺ የማርኬቲንግ ሰው ነሽ» ስትለኝ ምስጋናም ወቀሳም ሆኖ ነው የተሰማኝ።

ቅዳሜ

እህቴና ልጇ ባለፈው ዓመት ከሳሪስ ቱሉ ዲምቱ ወዳለው ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። ልጁ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ቅዳሜ ስደርስ «ና እስኪ፣ ፕሌይስቴሽን ቤት ውሰደኝ» አልኩት። እንደ እብድ አየኝ፤ ሆኖም ወሰደኝ።

ከሕንፃው ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ በእጅ የተጻፈ ዋጋ። የተሸነፈ ይነሳል፣ ተረኛ ይቀመጣል። ማጫወቻዎቹ ፕሌይስቴሽን 4 ናቸው። ባለቤቱን «አዲሱን አታስገባም?» አልኩት። «እህቴ፣ እስካሁን አዲሱ አለህ ወይ ብሎ የመጣ ደንበኛ የለኝም። ፊፋ አለህ ወይ ነው የሚሉኝ» አለኝ። ጌሙ ስሙን ከቀየረ ዓመታት አልፈዋል፤ ከ2023 ጀምሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ነው የሚባለው። ለልጆቹ ግን ያው ፊፋ ነው።

እዚያ ቆመን ሳለ የእህቴን ልጅ አየሁት። ወንበር ላይ አልተቀመጠም። በር ላይ ቆሞ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ያያል።

«አትጫወትም?» አልኩት።

«እዚህ ማንንም አላውቅም» አለኝ።

ስንመለስ ደረጃው ላይ «ያ አዲሱ ቢገዛልህ ከማን ጋር ነው የምትጫወተው?» ብዬ ጠየቅኩት። ዝም አለ። ቆይቶ «ሳሪስ ያሉት ጓደኞቼ ሊያዩት ይመጣሉ» አለ።

ለካ ልጁ የፈለገው ማጫወቻ አልነበረም። ማስታወቂያው ያሳየውን ብርሃንና ሙዚቃ ሲመለከት የታየው፣ ጓደኞቹ ታክሲ ተሳፍረው ወደ እሱ ሲመጡ ነው። እኛ የማስታወቂያ ሰዎች የምንሸጠው ይህንኑ ነው፤ ሣጥኑ ውስጥ ግን አይገኝም።

«አንድ ቀን አይተውት ይሄዳሉ። እነሱ ቤት ያለው የትኛው ነው?» አልኩት። ያው የድሮው ነው፤ ሲዲም የሚለዋወጡት በእሱ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ራሱ ጨረሰው። «እንግዲያው እኔም እሱን ብይዝ ሲዲ ያውሱኛል።»

እህቴም የድርሻዋን አዋጣች። በወር አንድ ቅዳሜ ሁለቱ ጓደኞቹ መጥተው ያድራሉ፤ ለእናቶቻቸው የምትደውለው እሷ ናት።

ከመግዛታችሁ በፊት

እናንተም ቤት ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ከእኔ ቅዳሜ የተረፈችውን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ልጃችሁን «ምን ይሠራል?» ከማለታችሁ በፊት «ከማን ጋር ትጫወታለህ?» በሉት። ጓደኞቹ የያዙት ሌላ ዓይነት ከሆነ ሲዲ መዋዋስ አይኖርም።

ሁለተኛ፣ እወደዋለሁ የሚለውን ጌም ስሙን ጠይቁና ዛሬ ለዚያ ማጫወቻ መሸጡን አረጋግጡ። «ወደፊት ይመጣል» የሚለውን እንዳልተባለ ቁጠሩት።

ሦስተኛ፣ ያለ ኢንተርኔት ምን ያህል እንደሚሠራ ዕወቁ። ጥቅል በየሳምንቱ ለምንሞላ ሰዎች ይህ ቀላል ወጪ አይደለም።

አራተኛ፣ ከአሜሪካ የሚመጣ ከሆነ የኃይል መስጫው ላይ የተጻፈውን አስነብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካልሆነ፣ የእኛ 220 በአንድ ብልጭታ ያቃጥለዋል።

አምስተኛ፣ የሁለተኛውን ጆይስቲክ ዋጋ ከመጀመሪያው ደምሩት። አንድ ጆይስቲክ ያለው ቤት እንግዳ አይጠራም።

ማታ ለወንድሜ ደወልንለት። የድሮውን፣ ያገለገለም ቢሆን፣ ከሁለት ጆይስቲክ ጋር እንዲያመጣ ነገርኩት። ሳቀብኝ። «አሮጌ ዕቃ ለመምረጥ ነው የማርኬቲንግ ባለሙያ ያማከራችሁት? እኔ እኮ ለአዲሱ ገንዘብ ማጠራቀም ጀምሬያለሁ። የተረፈውን ምን ላድርገው?»

«ጥቂት ሌሊት ተኛበት» አልኩት።