ከወረፋው ጫፍ ማን አለ?

እንደሚታወቀው የቢሮ ስልክ ማከፋፈያ (ፒቢኤክስ) ስንማር መጀመሪያ የምንጓጓው ለጥሪ ወረፋ ነው፤ ሙዚቃ አለው፣ ዘመናዊ ይመስላል። ነገር ግን ለማን ነው የምንሠራው?

ሸሕዲ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት እንውሰድ። ደዋዩ ከሰሊጥ እርሻ የሚደውል የቀን ሠራተኛ ወይም መተማ ዮሐንስ የቆመ ሹፌር ሊሆን ይችላል። ስልኩ ዝም ብሎ ሲጠራ ሒሳብ አይቆርጥም። ወረፋው «እባክዎ ይጠብቁ» ብሎ ካነሳው ጀምሮ ግን፣ ነፃ መስመር ካልሆነ በቀር፣ ይቆጥርበታል። እንግዲህ ሰው በሌለበት ወረፋ ማስገባት ደዋዩን ለሙዚቃ ማስከፈል ነው።

በእኔ አስተያየት መጀመሪያ ጥሪው በሁለት ሦስት ጠረጴዛ ላይ በአንድ ጊዜ ይጥራ። ሁሉም ከተያዙ ብቻ ወረፋ ይግባ፤ ከ30 ሰከንድም አይብለጥ። ከዚያ ወደ ተረኛው ሞባይል ይተላለፍ። የማስተላለፊያውን ሒሳብ መሥሪያ ቤቱ ይቻል።

መብራት ሲጠፋስ? ማከፋፈያው አብሮ ይጠፋል። የቢሮው ቁጥር የሞባይል ሲም ከሆነ ግን **62* ብሎ የተረኛውን ቁጥርና # መጫን ነው፤ ስልኩ ሲዘጋ ጥሪው ወደ ተረኛው ይሄዳል። ትእዛዙ የሚቀመጠው ቴሌ ዘንድ ስለሆነ የቢሮው መብራት አያግደውም።

«ተረኛው እረፍት ያጣል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ተራው በየሳምንቱ ይዙር። በ2015 ዓ.ም የሱዳን ጦርነት ሲነሳ ብዙ ሕዝብ በመተማ በኩል ገብቷል። እንዲህ ባለ ቀን የሚፈለገው የሚያነሳ ሰው ነው። ፕሮጀክት ስንሠራ ከሙዚቃው በፊት ተረኛውን እንመድብ።