ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ሳይደርስ

በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ ለፋብሪካውም ለመድኃኒት ቤቱም ፕሮግራም ስትሠሩ የኖራችሁ የሙያ እኩዮቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ወጣቶቹ በአዲስ ማሽን ስለሚጀምሩ ነገሩ እምብዛም አይነካቸውም። አሮጌውን ሰርቨር የተከልነው እኛ ነን፤ መዘዙንም መመለስ ያለብን እኛው ነን።

አይሲዩ የተባለው የዩኒኮድ ላይብረሪ የእኛን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል፤ አሥራ ሦስተኛዋን ወርም፣ በአራት ዓመት አንዴ የምትጨመረውን ስድስተኛ ቀንም አይስትም። ለዓመታት ሲ ፕላስ ፕላስ 11 የሚችል ኮምፓይለር ይበቃው ነበር። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 የወጣው 75ኛው እትም ግን ወለሉን ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ 17 ከፍ አደረገው። በአሮጌው ሰርቨር ላይ ካለው ሴንት ኦኤስ 7 ጋር የሚመጣው ጂሲሲ 4.8.5 ኮምፓይለር ደግሞ 17ን አያውቅም። የሴንት ኦኤስ 7 ድጋፍም በዚያው ዓመት ጁን 30 ቀን አብቅቷል።

ወለሉ ከፍ በማለቱ ቅሬታ የለኝም። የሚፈልገውን በግልጽ ተናግሮ ያላሟላውን ከበር የሚመልስ ላይብረሪ ውለታ ይውላል። የምፈራው ከዚያ በኋላ የምናደርገውን ነው። ኮምፓይለሩ እምቢ ሲል ላይብረሪውን አውጥተን የቀን መለወጫውን በእጃችን እንጽፋለን፤ መስከረም 1ንም ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 እናደርገዋለን። ጳጉሜን 2015 ስድስት ቀን ስለነበራት የ2016 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነበር። ጳጉሜን 2019ም ስድስት ቀን አላት። ስድስተኛዋን የረሳ ኮድ በተከታዩ ዓመት የሚቆጥረው ቀን ሁሉ በአንድ ይዛነፋል፦ የመድኃኒቱ ማብቂያ፣ የብድሩ መክፈያ፣ የሠራተኛው ፈቃድ። ማንም ቶሎ አያስተውለውም፤ ቁጥሩ ትክክል ይመስላልና።

ሌላው ጉዳት ጭራሽ ድምፅ የለውም። የቢልድ መሣሪያው ሲሜክ ላይ 17 ብሎ መጻፍ ብቻውን አይበቃም። ስታንዳርዱ ግዴታ መሆኑን የሚናገረውን ሌላውን መስመር ካላበራችሁት፣ ኮምፓይለሩ 17ን ባያውቅ ሲሜክ በራሱ ወደ 14 ወይም ወደ 11 ዝቅ ብሎ ይቀጥላል። ያኔ በአሮጌ ኮምፓይለር የተሠራ ላይብረሪ በ14፣ በአዲስ የተሠራው ዋና ፕሮግራም በ17 ሆነው ይገናኛሉ። የጉግል ላይብረሪ የሆነው አብሴይል 14ን ይቀበል በነበረበት ጊዜ ስትሪንግ ቪው የተባለውን ዓይነት በ17 ሲሠራ ከስታንዳርዱ ይወስድ ነበር፣ በ14 ሲሠራ ግን የራሱን። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ዕድል ከቀናው ሊንክ ሲያደርግ ስህተት ያያል። ካልቀናው የሁለቱ ወገን ሜሞሪ አቀማመጥ ሳይገጥም ፕሮግራሙ ይነሣል፤ ከዚያ የደመወዝ ዕለት ይወድቃል፣ ወይም ሳይወድቅ የተበላሸ ነገር ይጽፋል። ይህኛው ይብሳል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና እለምናችኋለሁ፦ በእጃችሁ ያለውን የእያንዳንዱን ሥራ የቢልድ ፋይል ክፈቱ። ወለሉን ጻፉ፣ ግዴታም አድርጉት። ሰርቨሩን መቀየር ካልተቻለ ኮምፓይለራችሁ የሚቀበለውን የመጨረሻውን የአይሲዩ እትም ያዙ እንጂ ቀኑን በእጅ አታስሉ። የትኛው እትም ላይ ለምን እንደቆማችሁ፣ እስከ መቼም እንደምትቆዩ በደብዳቤ ጽፋችሁ ለባለቤቱ አስፈርሙ፤ አንዱን ቅጂ ከኮዱ ጋር አስቀምጡት፣ ሥራውን ከእናንተ የሚረከበው ልጅ እንዲያገኘው።