ዛፉ ሲሳሳ አፈሩ ምን ያገኛል፣ ምንስ ያጣል?

የተተከለ ችግኝ ቁጥር የዘመናችን መንግሥታት መኩሪያ ሆኗል። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብርን ስትጀምር በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን አስታውቃለች። ሳዑዲ ዓረቢያም በ2013 ዓ.ም. ይፋ ባደረገችው የአረንጓዴ ሳዑዲ ዕቅድ 10 ቢሊዮን ዛፎችን የመትከል ግብ ይዛለች። ጥረቱ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ሥራ፣ ተጠጋግተው ያደጉትን ዛፎች ማሳሳት፣ እንደ ተከላው ቀን ካሜራ አይከተለውም።

ማሳሳት አስፈላጊ መሆኑ አያከራክርም። በተጨናነቀ የፈረንጅ ጥድ ወይም የባሕር ዛፍ ተክል ውስጥ ዛፎቹ በብርሃንና በውሃ ይሻማሉ፤ ቀጫጭን ሆነው ይቀራሉ። የተወሰኑት ሲነሡ የቀሩት ይወፍራሉ፤ ዝናብ በበቂ በማይጥልበት አካባቢም ድርሻቸው የሆነ እርጥበት ያገኛሉ። አከራካሪው ጉዳይ ከእግራችን በታች ያለው ነው።

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ባወጣው የደን ሀብት ግምገማ መሠረት፣ በዓለም ደኖች ከተከማቸው ካርቦን 45 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በአፈር ውስጥ ሲሆን፣ በሕይወት ባሉት ዛፎች ያለው 44 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ግንዱን ብቻ እየለካ ስለ ካርቦን የሚናገር ሰው ከሒሳቡ ግማሽ ያህሉን ትቷል።

ዛፍ ሲሳሳ ሁለት ነገሮች ባንድ ጊዜ ይሆናሉ። የሚረግፈው ቅጠል ይቀንሳል፤ ወደ መሬት የሚደርሰው ፀሐይና ዝናብ ደግሞ ይጨምራል። ሙቀትና እርጥበት ያገኙ ረቂቅ ተሕዋስያን በአፈሩ ገጽ ያለውን ብስባሽ በፍጥነት ያፈራርሱታል፤ ከፊሉ ካርቦንም ወደ አየር ይመለሳል። ከጥልቁ አፈር ይልቅ ቶሎ የሚጎዳው ይህ የላይኛው የብስባሽ ንጣፍ ነው። ማሳሳቱ መጠነኛ ከሆነ ጥልቁ አፈር ብዙ ጊዜ እምብዛም አይለወጥም፤ በክፍተቱ የሚበቅለው ሣርና ቁጥቋጦም ጉድለቱን ቀስ በቀስ ይተካል። መጠኑ ካለፈ ግን ጉዳቱም ይከብዳል፣ ማገገሚያውም ይረዝማል።

የንጥረ ምግቡ ነገር ደግሞ፣ በእኔ እምነት፣ ከካርቦኑ ይበልጥ ችላ ተብሏል። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም በብዛት ተከማችተው የሚገኙት በቅጠልና በቀጫጭን ቅርንጫፍ እንጂ በግንዱ እንጨት አይደለም፤ ካልሲየም ደግሞ ቅርፊት ውስጥ ይበዛል። ግንዱን ወስዶ ቅጠሉንና ጭራሮውን በቦታው የተወ ባለቤት አፈሩን ብዙም አላራቆተም። ሁሉንም ጠራርጎ የወሰደ ግን፣ የጭራሮው ዋጋ ጥቂት ቢሆንም፣ ከመሬቱ የነሣው ብዙ ነው። እርግጥ ነው፣ የተተወው ጭራሮ ናይትሮጅኑን ወዲያው አይሰጥም፤ እንጨት የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን መጀመሪያ ለራሳቸው ይይዙታል። ጥቅሙ የሚታየው ቆይቶ ነው። በደረቅ ወራት የእሳት ሥጋት ባለበትም ጭራሮውን አንድ ቦታ ከመከመር መበተን ይሻላል።

በእንጦጦ ዳገት የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያየ ሰው ግን ነገሩ የዕውቀት ማነስ ብቻ አለመሆኑን ይረዳል። ምድጃዋ የሚነድደው በዚያ ቅጠል ነውና፣ «ቅጠሉን ተዪው» የሚል ምክር ያለ ሌላ ማገዶ ባዶ ቃል ነው። የደን ልማት በጀት የማገዶ ቆጣቢ ምድጃን ወጪ አብሮ ሊይዝ ይገባል የምለው ስለዚህ ነው። ከዚህ ከባሕረ ሰላጤው ሆኖ ለቤተሰቡ የባሕር ዛፍ ቦታ የሚገዛ ወገንም፣ አጣናው ሲሸጥ ቅጠሉና ቅርፊቱ መሬቱ ላይ እንዲቀር አስቀድሞ ቢዋዋል መልካም ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መለየት አለበት። ይህ ሁሉ የተባለው በሰው እጅ ስለተተከለ ደን ነው። የሐበሻ ጥድ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በአሲር ተራሮችም ይበቅላል፤ በዚያ ከፊሉ እየደረቀ መሄዱ ባለሙያዎችን አሳስቧል። እንዲህ ያለውን የተፈጥሮ ደን በማሳሳት ስም መቁረጥ ፈጽሞ ሌላ ጉዳይ ነው።

ለተተከለው ደን የሚያስፈልገው ቀላል ነው፤ ከማሳሳቱ በፊት የላይኛው ብስባሽና ከሥሩ ያለው አፈር ለየብቻ ይለካ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም እዚያው ቦታ ላይ ይደገም፤ ውጤቱም ከችግኙ ቁጥር ጎን ለሕዝብ ይቅረብ።