ወረራ ባለቤትነት አይሆንም፦ ስለ ፍልስጤም ሕዝብ መብትና ስለ ዓለም አቀፍ ሕግ የተሰጠ የአቋም መግለጫ

እኛ በአዊ ዞን፣ በእንጅባራና በዳንግላ ከተሞች በጥብቅና፣ በማስተማርና በሕግ ምክር ሥራ የተሰማራን ባለሙያዎች በማኅበራችን ጉባኤ መክረን ይህን መግለጫ አውጥተናል። ዘመኑ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ለመግለጫው መነሻ የሆነን ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ሄግ ላይ የሰጠው የምክር አስተያየት ነው። ፍርድ ቤቱ በ11 ለ4 ድምፅ፣ እስራኤል ከ1959 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ በያዘቻቸው የፍልስጤም ግዛቶች መቆየቷ ሕገ ወጥ እንደሆነና በተቻለ ፍጥነት ማብቃት እንዳለበት ገልጿል። በ12 ለ3 ድምፅ ደግሞ ሌሎች መንግሥታት ሁኔታውን ሕጋዊ ነው ብለው እንዳይቀበሉና እንዲቀጥልም እንዳያግዙ ግዴታ እንዳለባቸው አስታውቋል። የምክር አስተያየት እንደ ፍርድ ተፈጻሚነት የለውም የሚል ክርክር ይነሣል። አስተያየቱ ራሱ አያስገድድ ይሆናል፤ አስተያየቱ የቆመባቸው ሕጎች ግን ያስገድዳሉ። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተርና አራተኛው የጄኔቭ ስምምነት ለማንም ምክር አይደሉም።

“ከእንጅባራ ሆናችሁ ስለ ራማላህና ስለ ጋዛ ምን አገባችሁ?” የሚለን እንደሚኖር እናውቃለን። የሚያገባን ይህ ሕግ በእጃችን ስለተሠራ ነው። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በ1953 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን ዛሬ ናሚቢያ በምንላት በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ጉዳይ እዚያው ሄግ ከሰሱ። ክርክሩ ስድስት ዓመት ገደማ ፈጀ። በሐምሌ 1958 ዓ.ም. ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉና የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ድምፅ ሚዛኑን ደፍቶት፣ ከሳሾቹ ክሱን ለማቅረብ የሚያበቃ የራሳቸው መብት ወይም ጥቅም የላቸውም ተብሎ መዝገቡ ተዘጋ። “ምን አገባችሁ” የተባልነው ያኔም ነበር ማለት ነው። ፍርዱ ግን አፍሪካንና እስያን አስቆጣ፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በጥቂት ወራት ውስጥ የደቡብ አፍሪካን የሞግዚትነት ሥልጣን ሻረ። በሰኔ 1963 ዓ.ም. ያው ፍርድ ቤት ደቡብ አፍሪካ በናሚቢያ መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው፣ መንግሥታትም ይህን ሕገ ወጥነት ሊያውቁና ከድጋፍ ሊታቀቡ ይገባል አለ። በ1996 ዓ.ም. በዌስት ባንክ ስለተገነባው ግንብ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ወረራው በአጠቃላይ የተሰጡት ሁለት አስተያየቶች በዚህ በናሚቢያ መሠረት ላይ የቆሙ ናቸው። አዲስ አበባ የጀመረችው ክርክር ነው ዛሬ የፍልስጤምን ሕዝብ የሚያገለግለው። የራሳችንን ዘር ፍሬ ሲያፈራ አናውቀውም ማለት ያሳፍራል።

ከዚያ በፊት ደግሞ አስፈጻሚ ማጣት ምን እንደሆነ አይተናል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ሲሉ ማኅበሩ የኢጣሊያን ወራሪነት ቀድሞ ወስኖ ነበር። የጎደለው ውሳኔ ሳይሆን የሚያስፈጽም ፈቃድ ነው። ማዕቀቡ በሐምሌ ተነሣ፤ ብሪታንያም በ1931 ዓ.ም. የኢጣሊያን ንጉሥ “የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት” ብላ አወቀች። እንቢ ያሉት እንደ ሜክሲኮና ሶቪየት ኅብረት ያሉ ጥቂቶች ነበሩ። በአዲስ አበባ አደባባይ በሜክሲኮ ስም የተጠራው ጦር ስለላከችልን አይደለም፤ የተፈጸመውን ወረራ ሕግ ነው ብላ ባለመቀበሏ ነው። አለማወቅ፣ ማለትም ለሕገ ወጥ ይዞታ ዕውቅና መንፈግ፣ የደካማ መሣሪያ የሚመስለው ወረራ ላልደረሰበት ብቻ ነው።

በዚያ ዘመን የጣልያን ጦር ዳንግላና እንጅባራ ላይ ሰፍሮ ነበር። የጎጃም አርበኞች፣ ከእነርሱም ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ አላስቀመጡትም። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ገብተው በበላያ በኩል ሲመጡ ጠላት በየካቲት ወር ሁለቱንም ከተሞች ለቀቀ። አብሯቸው የነበረው የጌዴዎን ጦር አዛዥ ኦርድ ዊንጌት ነው። ይህ መኮንን ከዚያ በፊት፣ በ1930 ዓ.ም.፣ በብሪታንያ አስተዳደር ሥር በነበረችው ፍልስጤም የአይሁድ ታጣቂዎችና የእንግሊዝ ወታደሮች የተቀላቀሉባቸውን የሌሊት ልዩ ጓዶች አቋቁሞ በዓረቦቹ ዓመፅ ላይ ያዘመተ ሰው ነበር። ለእኛ ነፃ አውጪ፣ ለገሊላ ዓረብ ገበሬ ግን ሌላ ነው። ውለታውን አንክድም፤ በስሙ የተጠራ ትምህርት ቤትም አለን። ነገር ግን የአንድ ሰው ውለታ የሌላውን ሕዝብ መብት አያስቀርም፤ ደግሞም ታሪክን ወዳጅና ጠላት ብሎ ለሁለት መክፈል የሚቀናው ከሩቅ ለሚያይ ነው።

ወደ ሕጉ እንመለስ። የአራተኛው የጄኔቭ ስምምነት አንቀጽ 49 ወራሪ ኃይል የራሱን ሕዝብ ወደያዘው ግዛት እንዳያሰፍር ይከለክላል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ1962 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9(4) መሠረትም የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። በዌስት ባንክና በምሥራቅ ኢየሩሳሌም ግን ዛሬ ከ700 ሺህ በላይ ሰፋሪዎች ይኖራሉ። የጸጥታው ምክር ቤት በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. በውሳኔ 2334 ሰፈራዎቹ ሕጋዊ መሠረት እንደሌላቸው በ14 ድምፅ ያለ ተቃውሞ አሳውቋል። በእኛ አገር ድንበር የገፋ ሰው “ይኸው ስንት ዓመት አርሼዋለሁ” ቢል ሽማግሌዎች የሚጠይቁት የእርሻውን ብዛት አይደለም፤ አገባቡን ነው። የፍርድ ቤቱም ጥያቄ ይኸው ነበር።

ስለ ስደተኞቹ ጥቂት ረዘም አድርገን መናገር እንፈልጋለን፤ ዞናችን ይህን ጉዳይ በዓይኑ አይቷልና። በ1940 ዓ.ም. እና በቀጣዩ ዓመት ጦርነት ከ700 ሺህ በላይ ፍልስጤማውያን ከቀያቸው ተነቀሉ። ጠቅላላ ጉባኤው ታኅሣሥ 2 ቀን 1941 ዓ.ም. በውሳኔ 194፣ ወደ ቤታቸው ተመልሰው ከጎረቤቶቻቸው ጋር በሰላም ለመኖር የሚፈልጉ እንዲመለሱ፣ መመለስ ለማይፈልጉት ደግሞ ካሣ እንዲከፈል ወሰነ። የዚያ ትውልድ የልጅ ልጆች ዛሬም በመጠለያ ጣቢያ ይወለዳሉ። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል በግድያ የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች በዞናችን፣ ቻግኒ፣ ራንች በሚባለው ስፍራ በሸራ ሥር ሰፍረው ነበር። ከእነርሱ መካከል “ካሣ ይበቃኛል” ያለን አልነበረም፤ ሁሉም የጠየቁት መሬታቸውን፣ ከብታቸውንና የሞቱባቸውን ሰዎች ፍትሕ ነው። ኢትዮጵያ የተፈናቃዮችን መብት የሚጠብቀውን የካምፓላ ስምምነት በ2012 ዓ.ም. አጽድቃለች። የመተከል ተፈናቃይ የመመለስ መብት አለው የምንል ሰዎች ለጃፋና ለሃይፋ ተፈናቃይ ሲሆን “ጊዜው አልፏል” ልንል አንችልም። የመብቱ አፈጻጸም በድርድር ሊወሰን ይችላል፤ መብቱ መኖሩ ግን ለድርድር አይቀርብም።

መስከረም 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ሐማስና ሌሎች ታጣቂዎች በደቡብ እስራኤል 1,200 ያህል ሰዎች የገደሉበትን፣ 251 ሰዎችም አግተው የወሰዱበትን ጥቃት እናወግዛለን። የሚበዙት ሲቪሎች ነበሩ፤ ሰው ማገት የጦር ወንጀል ነው፤ ወረራን መቃወም ለዚህ ፈቃድ አይሰጥም። ከዚያ በኋላ በጋዛ የተገደሉት፣ በጋዛ ጤና ሚኒስቴር ቆጠራ ከ60 ሺህ በላይ ደርሰዋል፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ሆስፒታል ፈርሷል፤ እህልና ውኃ የጦርነት መሣሪያ ሆኗል። ይህንንም በዚያው ቃል እናወግዛለን። እስራኤል ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ከእነርሱ የቤተ እስራኤል አባቶች ጥንት ይናገሩ የነበረው ከአገው ቋንቋዎች አንዱን ነው፤ ለአዊ ሕዝብ የቋንቋ ዘመዶች ናቸው ማለት ነው። መግለጫችን በእነርሱም ሆነ በማንም አይሁዳዊ ላይ አይደለም። በዚህ ጉዳይ ሽፋን የአይሁድን ሕዝብ የሚሰድብ ሁሉ ከእኛ ጋር አይደለም።

ስለ ዘር ማጥፋት የሚነሣውን ክስ በተመለከተ በቃል እንጠነቀቃለን። ደቡብ አፍሪካ በእስራኤል ላይ በዚያው የሄግ ፍርድ ቤት ያቀረበችው ክስ ገና የመጨረሻ ፍርድ አላገኘም፤ ጥር 17 ቀን 2016 ዓ.ም. የተሰጠው ጊዜያዊ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ማኅበራችን ከፍርድ ቤቱ ቀድሞ አይፈርድም። ትእዛዙ ግን መከበር ነበረበት፤ አልተከበረም። ኢትዮጵያ የዘር ማጥፋት ወንጀል ስምምነትን ከዓለም ሁሉ ቀድማ፣ ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም.፣ ያጸደቀች አገር ስለሆነች ጉዳዩን በመመልከቻ ወንበር ተቀምጣ ልትከታተለው አይገባም።

ይህን ስንል በራሳችን ቤት የሚነደውን አልረሳንም። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ወደ ዞናችንም ደርሷል። ከዳንግላ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው መርዓዊ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ቢያንስ 45 ሲቪሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አረጋግጧል። የጄኔቭ ስምምነቶች የጋራ አንቀጽ 3 በእርስ በርስ ጦርነትም ይሠራል፤ መንግሥትንም ታጣቂዎችንም እኩል ያስገድዳል። ስለ ጋዛ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ መርዓዊ የሚያንሾካሹክ፣ ወይም ስለ መርዓዊ ጮኾ ስለ ጋዛ “የፈረንጅ ጣጣ ነው” የሚል ሰው ሕጉን የሚፈልገው ለራሱ ወገን ብቻ ነው።

የአገራችን የቀድሞ ታሪክ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። በ1940 ዓ.ም. ፍልስጤም ለሁለት ትከፈል በተባለ ጊዜ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። በ1966 ዓ.ም. ከእስራኤል ጋር ግንኙነቷን አቋረጠች፤ በ1981 የፍልስጤምን መንግሥትነት አወቀች፤ በ1982 ከእስራኤል ጋር እንደገና ታረቀች። በ2005 ዓ.ም. ፍልስጤም ታዛቢ መንግሥት እንድትሆን፣ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ደግሞ የጸጥታው ምክር ቤት አባል ሳለች የኢየሩሳሌም ሕጋዊ ሁኔታ በአንድ ወገን እንዳይለወጥ ደግፋ ድምፅ ሰጠች። የዴር ሡልጣን ገዳማችን በምሥራቅ ኢየሩሳሌም ስለሚገኝ ይህ ሁለተኛው የራሷም ጉዳይ ነበር። ጥቅምት 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ግን ጠቅላላ ጉባኤው በጋዛ ሰብዓዊ ተኩስ አቁም እንዲደረግ ሲጠይቅ ከተአቃቢዎቹ መካከል ተገኘች። ከእስራኤል ጋር ያለንን የእርሻ፣ የውኃና የሕክምና ትብብር አንቃወምም፤ ሁለቱን መንግሥታት ማወቅና ከሁለቱም ጋር መወዳጀት ይቻላል፤ በ1981 እና በ1982 ዓ.ም. ተደርጓልና። ሕጋዊነት ሲጠየቅ መታቀብ ግን በ1953 ከሳሽ ለነበረች አገር የሚመጥን አይደለም።

ስለዚህ የኢትዮጵያ መንግሥት የሐምሌ 2016ቱን የምክር አስተያየት በይፋ እንዲደግፍና በሚቀጥሉት ድምፆች ተአቅቦውን እንዲያቆም እንጠይቃለን። ከሰፈራዎች የሚመጡ ምርቶች ከእስራኤል ከራሷ ምርቶች ተለይተው እንዲታዩ የጉምሩክ መመሪያ ይውጣ። ኢትዮጵያ እስካሁን አባል ያልሆነችበትን፣ ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመውን የሮም ድንጋጌ እንድትቀበልም እንጠይቃለን፤ የምንጠይቀው ለጋዛ ሲባል ብቻ ሳይሆን ለቻግኒና ለመርዓዊ ጭምር ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ብሪታንያ፣ ፈረንሣይ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያና ፖርቱጋል የፍልስጤምን መንግሥት አውቀዋል፤ በዚያው ወር መጨረሻ በጋዛ የተኩስ አቁም ስምምነት ሥራ ላይ ውሏል። ዕውቅናውም ሆነ ተኩስ አቁሙ ወረራውን አላበቃም፤ የአፍሪካ ኅብረት አባላት ይህን ልብ ብለው በአንድ ድምፅ እንዲሠሩ እናሳስባለን።

ለሥራ ባልደረቦቻችን የምናቀርበው ጥሪ አጭር ነው። በባሕር ዳር፣ በጎንደር፣ በደሴና በአዲስ አበባ ያላችሁ የሕግ ባለሙያዎች፣ የ1953ቱን ክስና የ2016ቱን አስተያየት በየማኅበራችሁ አንብቡ፤ ለተማሪዎቻችሁም አስተምሩ፤ ተስማምታችሁ ከሆነ ስማችሁን ከዚህ መግለጫ ጋር አክላችሁ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ላኩ።